የትራክተሩ መቀመጫና የሾፌሩ ወገብ
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በዚህ መድረክ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ብዙ ተብሏል። እኔ በተሰጠኝ አጭር ጊዜ ስለ አንድ የተረሳ ጉዳይ፣ ስለ ትራክተር ሾፌሮቻችን መቀመጫ እናገራለሁ።

ባለፈው የእርሻ ወቅት የአንድ አባላችን ዋልካ ማሳ ሲታረስ ዳር ቆሜ እመለከት ነበር። ሾፌሩ ለምሳ ሲወርድ ጎማውን ተደግፎ ለጥቂት ጊዜ ወገቡ ሳይቃና ቆየ። «ምን ሆንክ ወንድሜ?» ብለው «ይኼማ የትራክተር ጉርሻ ነው» አለኝ። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥም። መቀመጫውን ሳየው ከሥሩ ያለው ሞላ ዝጓል፤ የክብደት ማስተካከያው አልዞር ብሏል። እሱም ጆንያና ስፖንጅ ደራርቦበታል። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ የማየው የማረሻውን ጥልቀት እንጂ መቀመጫውን አልነበረም።

ችግሩ ከየት ይመጣል? መኪና ባሌስትራ ወይም ሞላ አለው። አብዛኛው የእርሻ ትራክተር ግን በኋላ እግሩ ላይ ይህ የለውም፤ ጓሉን የሚያለዝብለት ጎማው ብቻ ነው። ጎማ ደግሞ እንደ ኳስ ያነጥራል። የተቀመጠ ሰው አካል በተለይ በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ሲናጥ ይቸገራል፤ ሆድ ዕቃውና አከርካሪው አብረው ይወዛወዛሉና። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ለወገብ ሕመም ይዳርጋል።

ስፖንጅ መደረብ መፍትሔ ይመስላል። ለመቀመጥ ይመቻል፤ ነገር ግን በሰከንድ 4 ጊዜ አካባቢ የሚመጣውን ንዝረት ሊያባብሰው ይችላል። ትክክለኛው መከላከያ ከመቀመጫው ሥር ያለው ሞላና አሞርዛተር ነው። ሞላው በዝግታ ስለሚወዛወዝ ፈጣኑን ንዝረት ያስቀራል፤ አሞርዛተሩም ንጥረቱን ያበርዳል። ይህ የሚሆነው ግን ለሾፌሩ ክብደት ሲስተካከል ነው። ለ60 ኪሎ ሰው በተስተካከለ መቀመጫ ላይ 85 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢቀመጥ ሞላው እስከ መጨረሻው ወርዶ በየጉብታው ከብረት ጋር ይጋጫል። ይህ ምት ጭራሽ ሞላ ከሌለው መቀመጫ ሊብስ ይችላል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ንዝረቱ 0.5 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ካለፈ አሠሪው የመቀነሻ እርምጃ እንዲወስድ፣ ከ1.15 ደግሞ እንዳያልፍ ደንግጓል። በዚሁ ስሌት ንዝረቱ እጥፍ ሲሆን የ8 ሰዓቱ ጫና በ2 ሰዓት ይሞላል። ስለዚህ ንዝረቱን በጥቂቱ እንኳ መቀነስ ትልቅ ትርፍ አለው።

በመሆኑም የሚከተሉትን እንድናደርግ አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ሾፌር በተለወጠ ቁጥር መቀመጫው ለክብደቱ ይስተካከል። በብዙ መቀመጫዎች ላይ በኪሎ የተጻፈ ምልክት አለ።

ሁለተኛ፣ የመቀመጫው ሞላ፣ አሞርዛተርና መጋጠሚያዎች ከሞተሩ ጋር አብረው ይፈተሹ፤ ግራሶ የሚያስፈልጋቸው ይቀቡ፤ ያለቁት ይለወጡ።

ሦስተኛ፣ የጎማ ንፋስ እንደ ሥራው ዓይነት በመመሪያው መሠረት ይለካ። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ ንዝረት ይጨምራል።

አራተኛውና ከባዱ ፍጥነት ነው። ሾፌሩ በሄክታር ሲከፈለው ይፈጥናል፤ እኛም ዝናብ ሲያጉረመርም «ቶሎ ጨርስልኝ» እያልን እናጣድፈዋለን። በጓል ላይ መፍጠን ዋጋው የሚከፈለው በእሱ ወገብ ነው። ቦርዱ የአከፋፈሉን ነገርና የዕረፍት ሰዓቱን እንዲመለከትልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ወገቡ የተጎዳ ሾፌር ሥራውን ይተዋል፤ በዘር ሰሞን ደግሞ የሠለጠነ ሾፌር ከየትም አይገኝም።

አባቶቼ፣ በሬ ስትፈቱ ቀንበሩ አንገቱን ልጦት እንደሆነ በእጃችሁ ዳብሳችሁ ታያላችሁ። ትራክተሩ ሲቆምም እንዲሁ ሾፌሩን «ወገብህ እንዴት ዋለ?» እንበለው፤ መቀመጫውንም እንይለት።