የዓይን ጠብታና የጉሮሮ ምሬት

አንደኛው አቅራቢ፦ የዓይን ድርቀት፣ ማለትም እንባ ሲያንስ ወይም ቶሎ ሲተን ዓይንን የሚቆረቁረውና የሚያቃጥለው ሕመም፣ ማስታገሻው ራሱ ሌላ መዘዝ የሚያመጣበት ጊዜ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የተፈቀደው ሊፊቴግራስት የተባለው ጠብታ፣ የሚንጠባጠበው ዓይን ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ አንዳንድ ታካሚዎችን አፋቸውን መራራ መራራ ይላቸዋል።

ሁለተኛዋ አቅራቢ፦ ምክንያቱ ከዓይን የውስጥ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ አፍንጫ የሚወርድ ቀጭን የእንባ ቦይ መኖሩ ሲሆን፣ ትርፉ ጠብታ በዚያው ፈስሶ ጉሮሮ ይደርሳል፤ ስለዚህ ታካሚው ጠብታውን እንዳደረገ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአፍንጫው በኩል ያለውን ማዕዘን ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ በጣቱ ቀስ አድርጎ ቢጫን ምሬቱ ይቀንስለታል።

አንደኛው አቅራቢ፦ እ.ኤ.አ. በ2021 የተፈቀደውና ነርቭን ቀስቅሶ እንባ የሚያመነጨው፣ በአፍንጫ የሚነፋው ቫሬኒክሊን ደግሞ በሙከራው ከወሰዱት 82 በመቶ የሚሆኑትን አስነጥሷል።

ሁለተኛዋ አቅራቢ፦ ማስነጠስስ ያልፋል፤ እጅግ የሚያሳስበው አንዳንድ የዓይን ጠብታዎች በጀርም እንዳይበከሉ የሚጨመርባቸው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የተባለው ማቆያ ነው፤ ሲደጋገም ኮርኒያን፣ ማለትም የዓይንን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን፣ ስለሚጎዳ ድርቀቱ ይብሳል፤ ታካሚውም ያልተሻለው መድኃኒቱ አንሶት እየመሰለው ጠብታውን ይጨምራል። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚጠቀም ሰው ማቆያ የሌለበትን ጠብታ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባዋል።