የጎረቤት አሸንዳ

የመንዝ ብርድ ዛሬም አልቀለደም። ጋቢውን ደረብ አድርጉና ስሙኝ።

ደላላ ቤት ሲያሳይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ገዢው ግድግዳውን ያያል። ድንጋዩን መታ መታ ያደርጋል። ካርታው በማን ስም ነው ይላል። ጥሩ ነው፤ ይጠየቅ። ብልጥ ገዢ ግን ተመልሶ ይመጣል። ያለ ደላላው፣ በዝናብ ቀን ይመጣል። የጎረቤቱ አሸንዳ ውሃውን ወዴት እንደሚደፋ ያያል። ወደ ቦዩ ነው? ወይስ ወደዚህ ቤት መሠረት?

ድሮ ጣሪያው በጓሳ ሣር ሲከደን ዝናቡ ዙሪያውን ይንጠባጠብ ነበር። ዛሬ ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ ብዙው ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። የቆርቆሮው አሸንዳ ውሃውን ሰብስቦ ባንድ ቦታ ይለቀዋል። በጭቃ የተካበ ድንጋይ ደግሞ ሥሩ ውሃ ከገባ እያደር ይላላል።

እንግዲህ እኛም የሰው ጎረቤት ነን። ከጎናችን ያለው ቤት ሲሸጥ ገዢው እኛንም ያያል። ውሃችንን ያያል። ጥራጊያችንን ያያል። ሲያንኳኳ እንዴት እንደከፈትንለት ያያል። ለዚያ ቤት ዋጋ እንጨምራለን? ወይስ እንቀንሳለን? ደላሎች ይህን አይነግሯችሁም፤ እነሱ ግን አሳምረው ያውቁታል።

ክረምቱ ሳይገባ ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ውሃው ወደ ጎረቤት ከሆነ፣ እስኪከሷችሁ አትጠብቁ። «እትዬ፣ ይህን ውሃ ወዴት ብናዞረው ይሻላል?» በሉ። ለአሸንዳው የሚሆን ቆርቆሮ የገበያ ቀን ታገኛላችሁ።