ከምሽግ የጸና ቋንቋ
ለቋንቋ መምህራን ማኅበር አባላት የተደረገ ንግግር



ስለ አንድ አነስተኛ ሕዝብ እንድናገር ስጠየቅ በደስታ የተቀበልሁት ጉዳዩ በሙያችን ያለነውን ሁሉ ስለሚነካ ነው። ሕዝቡ በማሌዥያ፣ በማላካ ከተማ የሚኖረው ክሪስታንግ የተባለው ማኅበረሰብ ነው።

የፖርቱጋል የጦር አለቃ አፎንሶ ዴ አልቡኬርክ ማላካን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1511 ነበር። በዓመቱ የእቴጌ እሌኒን መልእክተኛ ማቴዎስን በጎዋ የተቀበለው ይኸው ሰው ስለ ሆነ ስሙ ለታሪካችን እንግዳ አይደለም። ፖርቱጋላውያን በማላካ የእስያ ሴቶችን እያገቡ ተቀመጡ። ከዚህ ጋብቻ የተወለደው ትውልድ የካቶሊክን ሃይማኖት ይዞ፣ የሁለቱንም ወገን ልማድ አዋሕዶ አደገ። በበርበሬ፣ በሰናፍጭና በኮምጣጤ የሚሠራው፣ ዴባል የሚባለው የገና ወጣቸው ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን በሚውለው የቅዱስ ጴጥሮስ በዓልም የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች አጊጠው በካህን ይባረካሉ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ቋንቋቸው ነው። ቃላቱ በአብዛኛው ከፖርቱጋልኛ የመጡ ሲሆኑ፣ አገባቡ ወደ ማላይኛ ያደላል። ግሡ ራሱ ሳይለወጥ ጊዜው በፊቱ በሚገባው ቃል ይታወቃል፤ ይኸውም «ዮ ጃ ኩሚ» በላሁ፣ «ዮ ታ ኩሚ» እየበላሁ ነው፣ «ዮ ሎጉ ኩሚ» እበላለሁ ማለት ነው። ስለዚህ «የተሰባበረ ፖርቱጋልኛ» የሚሉት ሰዎች ተሳስተዋል። የቋንቋ ሊቁ አላን ባክስተር እ.ኤ.አ. በ1988 ሰዋስዉን በመጽሐፍ አውጥተው የራሱ ሕግ ያለው ቋንቋ መሆኑን አሳይተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1641 ሆላንዳውያን ከተማዪቱን ወሰዱ፤ በኋላም እንግሊዞች ተተኩ። እንግሊዞች በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ታላቁን የፖርቱጋሎች ምሽግ ሲያፈርሱ የተረፈው አንድ በር ነው። ቋንቋው ግን መንግሥት ሳይደግፈው፣ ትምህርት ቤት ሳያስተምረው፣ በእናት ጓዳና በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ኖረ።

ታዲያ ድል አድራጊዎች ያላጠፉትን ቋንቋ ምን አዳከመው? እንግሊዝኛ የትምህርትና የእንጀራ በር በሆነ ጊዜ፣ ወላጆች ለልጆቻቸው መልካም በማሰብ በቤትም እርሱን መናገር ጀመሩ። ዛሬ ዩኔስኮ ክሪስታንግን በከባድ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ቋንቋዎች ጋር መድቦታል። ቢሆንም ተስፋው አልተቋረጠም፤ በሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ2016 የተነሡ ወጣቶች ቋንቋውን በነፃ ማስተማር ጀምረዋል።

ወላጆቹን ልንወቅስ አይገባም፤ ሁለቱን አስማምቶ የሚይዝ ትምህርት ቤት አላገኙምና። ይህ ለእኛ ትልቅ ማስገንዘቢያ ነው። ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት አገራችን፣ አንድ ሕፃን ክፍላችን ሲገባ የእናቱን ቋንቋ ይዞ ይገባል። በዚያች ቀን መምህሩ የሚያሳየው ፊት፣ ልጁ በቋንቋው እንዲኮራ ወይም እንዲያፍርበት ያደርገዋል።