አንደበታቸው ላልተፈታ ልጆች መምህራንን ስለማሠልጠን

(በነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ ከቦዩ ጉዳይ በፊት የማነሣው መናገር ስላልቻሉ ልጆቻችን ነው። በየግቢው እንዳሉ ታውቃላችሁ። ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው ለምዝገባ ይወሰዳል። «ስምህ ማነው?» ይባላል፤ መልስ የለም። «ይኼ አይማርም፣ ወደ ቤት መልሱት» ይባልና ነገሩ ያልቃል። የልጁ ዕድል በአንዲት ጥያቄ ተቆረጠ ማለት አይደለም ወይ?

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ያስረዱኝ የሰፈራችን መምህራን ናቸው። ነገሩ አማራጭና አጋዥ የመግባቢያ ዘዴ ይባላል። ስሙ ይርዘም እንጂ፣ በአፉ መናገር ያልቻለ ልጅ በሥዕል፣ በምልክት፣ በእጅ ወይም በዓይን ሐሳቡን እንዲገልጽ ማድረግ ነው። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ አካላቸው የማይታዘዝላቸው ልጆች የብሊስ ምልክቶች በተባሉት ላይ እየጠቆሙ መግባባት ችለዋል። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ጆይ ማዕከልን ከፈቱ፤ አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለውን የማስተማሪያ ዘዴም አወጡ።

ታዲያ ከባዱ ሥዕሉን መሣሉ አይደለም፤ የትኛው ልጅ ምን እንደሚያስፈልገው መለየቱ ነው። ይህ ሥልጠና ይጠይቃል። የሠለጠነ መምህር አስቀድሞ ልጁ ይሰማል ወይ፣ ያያል ወይ ብሎ ወደ ጤና ባለሙያ ይልከዋል። መስማት የተሳነው ከሆነ መንገዱ የምልክት ቋንቋ ነው። ቀጥሎ አሁን በምን እንደሚግባባ ያጣራል። ውኃ ሲጠማው እናቱን ይጎትታል? እሺንና እምቢን በምን ያሳያል? ጣቱን መቀሰር ይችላል ወይስ በዓይኑ ብቻ ነው የሚጠቁመው? ይህን ሁሉ ልጁን አንድ ቀን ቢሮ አስቀምጦ ማወቅ አይቻልም። በክፍል፣ በጨዋታ ሰዓት፣ በቤትም መታየት አለበት። እናትየዋ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ እሷ ትጠየቅ። ከዚያ በሁለት በሦስት ሥዕል ይሞከርና ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ይታያል።

በእኛ በጂንካ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ልጁ ቤቱ የሚሰማው አሪኛ ወይም ሐመርኛ ወይም ማሌኛ ሆኖ በአማርኛ ብቻ ከተመዘነ፣ ያልገባው ቋንቋው ይሁን ሌላ ነገር በምን ይታወቃል? ስለዚህ የቤቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ከመዛኙ አጠገብ መቀመጥ አለበት። ሥዕሉም ቢሆን ከውጭ የመጣው ብቻ አይበቃም። የእኛ ልጅ ሳንድዊች ምን ያደርግለታል? ሸፈሮ፣ ቆጮ፣ ጀበና፣ ፍየል፣ የቅዳሜ ገበያ ይሣልለት እንጂ!

አንዳንዶቻችሁ «ሥዕል ከለመደ ጭራሽ መናገሩን ይተዋል» ትላላችሁ። እኔም ጠይቄ ነበር። የተደረጉት ጥናቶች ንግግርን ሲያግድ አላሳዩም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ልጆች ንግግራቸው ጨምሯል።

ይህ ደግሞ የልመና ጉዳይ አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። አንቀጽ 24 የመምህራን ሥልጠና ይህን የመግባቢያ ዘዴ እንዲጨምር በግልጽ ያዛል። የትምህርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2012 የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቷል። ወረቀቱ አለ፤ የጎደለው ክፍል ውስጥ የሚቆመው የሠለጠነ ሰው ነው።

እንግዲህ የሥራ አመራሩ የሚያቀርበው ሐሳብ ይኸውላችሁ። በሰፈራችን ካሉት ትምህርት ቤቶች ቢያንስ ሁለት ሁለት መምህራን እንዲሠለጥኑ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ እንጻፍ። አንድ ብቻ ከሆነ ሲዛወር ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል፤ አይተነዋል። ደብዳቤው ግን ባዶውን አይሄድም፤ የልጆቹ ቁጥር ይያያዛል። ስም አንጽፍም፣ ዕድሜና የቤት ቋንቋ ብቻ ነው። ልጅ ያላችሁ የወሩ መጨረሻ እሑድ ከእድር በኋላ ወደ እኔ ኑ። በሰው ፊት መናገር የከበዳችሁ ማታ ማታ ቤቴ ድረስ ብትመጡ በሬ ክፍት ነው።