የስፖርት ልብስ አጠባብና የሳሙና አመራረጥ

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ሳሙና ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን አርሲ የሯጭ አገር ነው። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ካገኘች ወዲህ የእርሷን ፈለግ የሚመኝ ልጅ በየሰፈሩ አለ። ይህ ልጅ ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ ቱታና አንድ ካናቴራ ነው። እሱም በአጠባብ ከተበላሸ የሌላው መግዣ ከየት ይመጣል?

ታዲያ የላቡ ሽታ አልለቅ ሲል ኦሞ እንጨምራለን፤ ሲብስም በረኪና እናፈስበታለን። ይህ አይጠቅምም። ላብ ገና ሲወጣ እምብዛም አይሸትም። ሽታውን የሚያመጡት በቆዳና በጨርቅ ላይ ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። እርጥብ ልብስ ፌስታል ውስጥ ተጠቅልሎ ሲያድር ይራባሉ። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት ቶሎ ማጠብ ነው፤ ውሃ ከሌለም ልብሱን ዘርግቶ ማናፈስ።

ከዚህ በተረፈ የሚከተሉትን እናስታውስ፦

1ኛ/ ለቱታና ለማሊያ ጥቂት ለስላሳ ሳሙና በለብታ ውሃ ተሟሙቶ ይበቃል። ዱቄቱን በቀጥታ ልብሱ ላይ አትነስንሱ። በቀዝቃዛው ውሃችን ሳይሟሟ ጨርቁ ውስጥ ይቀራል፤ ልጁን ሲያልበው ያሳክከዋል፣ ሽፍታም ሊያወጣበት ይችላል።

2ኛ/ የፈላ ውሃና በረኪና ላስቲኩን ያላላሉ፣ ቀለሙን ያበላሻሉ። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር መደባለቅ ደግሞ መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ ከቶ አይደረግ!

3ኛ/ የአመድ ውሃ ኃይለኛ ነው። የሱፍ ሹራብ ይበላል፣ የአጣቢዋንም እጅ ይልጣል።

4ኛ/ ልብሱን ገልብጣችሁ እጠቡ፤ አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቁ፤ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ አስጡ።

እስቲ እንዶድንም እናንሳ፤ በኦሮምኛ ሃንዶዴ የምንለውን። ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ በውሃ ሲመታ አረፋ ይሰጣል። እናቶቻችን ነጭ ሸማ ያጠቡበት ነበር፤ ለጨርቅ ለስላሳ ነው። ሆኖም በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አሳዩ። በዚህም ሥራ በ1982 ዓ.ም. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል።

እንግዲህ ለጨርቅ የለሰለሰ ሁሉ ለወንዝ አይለሰልስም ማለት ነው። ኦሞውም ቢሆን ያው ነው። ከታች ከብት ይጠጣል፣ ሰው ይቀዳል። ስለዚህ በሳፋ እንጠብ፤ እጣቢውንም ከወንዝና ከምንጭ ርቀን መሬት ላይ እንድፋ።

በመጨረሻ ለእናንተ ለልጆቻችን፦ ልብሳችሁን ራሳችሁ እጠቡ። ዳገት ወጥቶ የወረደ ጉልበት አንድ ካናቴራ ማጠብ አያቅተውም፤ እናቶቻችሁም በዚህ ብርድ እጃቸው ይረፍ።