የቬንትሌተር መብራት ሳይነኩት ሲጠፋ

(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የቴፒን ሙቀት ስለምናውቀው የኮርኒስ ቬንትሌተር ለብዙዎቻችን ቅንጦት አይደለም። ሰሞኑን ግን በአንድ ጎረቤታችን ቤት ከቬንትሌተሩ ሥር ያለው መብራት በየማታው እየጠፋ አስቸገረ። ልጁ ኃይሉን ሳያቋርጥ ወንበር ላይ ወጥቶ ሲነካካ ደረስንበት። እግዜር አተረፈው። ዛሬ ነገሩን ያነሳነውም ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ምልክቱን እንለይ። ቬንትሌተሩም መብራቱም አብረው ከጠፉ ጎረቤት እንጠይቅ፤ የሰፈሩ ሁሉ ከጠፋ ጣጣው ከቤታችን አይደለም። የኛ ብቻ ከሆነ ብሬከሩን እንይ። ደጋግሞ ከወደቀ ግን በግድ አንመልሰው፤ ያለ ምክንያት አይወድቅም።

መብራቱ ብቻ ጥቂት በርቶ ከጠፋና ሲቀዘቅዝ ከተመለሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰበቡ ሙቀት ነው። በመስተዋት የተከደነ አምፖል ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ፖርታላምፓው ላይ ከተጻፈው ዋት ያልበለጠ አምፖል እንግጠም። ቬንትሌተሩ ሲፈጥን ብቻ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ፣ ንዝረቱ ሽቦ አላልቶ ይሆናል፤ ሞርሴቶው ይጥበቅ።

አምፖል ለመቀየር እንኳ ብሬከሩ ይውረድ፣ ክንፉ ይቁም፣ አምፖሉ ይቀዝቅዝ። የግድግዳውን ማጥፊያ ብቻ አንመን፤ መስመሩ ተገላብጦ ከተዘረጋ 220 ቮልቱ እላይ እንዳለ ነው። የሽቦውን ሥራ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ እንተው። የተቃጠለ ነገር ከሸተተማ ለነገ አንበል።

የባለሙያ ዋጋ ለከበደው ጎረቤት ተረዳድተን እናሠራለን። ከአምፖል ሰው ይበልጣል።