ለቆሰለ የዱር እንስሳ ስለሚገባው ርኅራኄ



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በመሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ተጽፎ አይገኝም፤ ነገር ግን አንድ ቀን በመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ሊደርስ ይችላል። በመካነ ኢየሱስ፣ በስማዳ ወይም በጋይንት ተመድባችሁ የምትሠሩ እንደሆነ፣ አንድ የገጠር ልጅ ክንፉ የተሰበረ ጭልፊት ወይም ውሻ የነከሳት ሚዳቋ ታቅፎ መጥቶ «ምን እናድርጋት?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚጠበቀው ከእናንተ ነው። የተማረ ሰው መፍትሔ አያጣም ተብሎ ይታመናልና።

በእንዲህ ያለው ጊዜ አብዛኛው ሰው ከሁለቱ አንዱን ያደርጋል። አንዱ «አውሬ አይደለችምን? ጣላት» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሌላው አንጀቱ አይችልምና ወደ ቤቱ ይወስዳታል፤ ወተት ያጠጣታል፤ በአንገቷ ገመድ አስሮ ለልጆቹ መጫወቻ ያደርጋታል። የፊተኛው ጭካኔ ለሁሉም ግልጥ ነው። የሁለተኛው ጉዳት ግን ደግነት ስለ ሸፈነው ቶሎ አይታይም። አበው «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ማለታቸው ለዚህም ነገር ይስማማል፤ ርኅራኄ ዕውቀት ካልተጨመረበት ሊያድነው የፈለገውን ፍጡር ይገድለዋልና።

ይህን በምሳሌ ላስረዳ። እኛ ጃርት ስንል ወስፌው ረጅም የሆነውን፣ የገበሬውን ድንች እየቆፈረ የሚበላውን ትልቁን እናስባለን። በአውሮፓ ግን እሾኋ አጭር የሆነ፣ በመዳፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ስትፈራ እንደ ኳስ የምትጠቀለል፣ ሌሊት ወጥታ ትልና ነፍሳት የምትለቅም ትንሽ እንስሳ አለች፤ ዘመዷም በአገራችን ሣራማ ቆላዎች ይኖራል። በእንግሊዝ አገር መኪና የገጫትንና በሽታ ያደከማትን የሚያክሙ ሆስፒታሎች ተቋቁመዋል። ከእነዚህም የታወቀው ቲጊዊንክልስ፣ ሌስ ስቶከር የተባለ ሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 የጀመረው ነው። ሕዝቡ በቸርነት በሣሕን የሚያቀርብላትን የላም ወተት ሆዷ እንደማይፈጨውና ተቅማጥ አስይዞ እንደሚጎዳት ሐኪሞቹ ደጋግመው ያስተምራሉ። ከዳነችም በኋላ ክብደቷ መመለሱን በሚዛን አይተው፣ ምግቧን ራሷ መፈለግ መቻሏን አረጋግጠው ወደ ዱር ይለቋታል። በጭናቸው ላይ እንድትተኛ አያላምዷትም።

«ይህስ የሠለጠነና የጠገበ አገር ሥራ ነው» የሚል አይጠፋ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ራሳችን አገር፣ በዚያው በጎንደር ምድር ወደሚገኘው ወደ ስሜን ተራሮች እንመለስ። በ2012 ዓ.ም. አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ በጥይት ተመትቶ፣ እግሩ ተሰብሮ በስሜን ተገኘ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ መኖሪያ የለውም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ያነሱ ናቸው፤ በአጥር ውስጥ ተይዞ የሚራባም በየትም አገር የለም። እንግዲህ የአንዱ ሞት የአንድ እንስሳ ሞት ብቻ እንዳልሆነ አስተውሉ።

የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ሠራተኞች፣ ከቦርን ፍሪ ድርጅት ጋር ሆነው፣ ከዚያ በፊት በዚህ እንስሳ ላይ ተሞክሮ የማያውቀውን ሥራ ጀመሩ። ቀበሮው በዚያው በተራራው ላይ በተዘጋጀለት መጠለያ 50 ቀናት ያህል ተጠልሎ ታከመ። ስሙንም «ተረፈ» አሉት። አጥንቱ በተጠገነ ጊዜ፣ የሚውልበትንና የሚያድርበትን ቦታ የሚያመለክት መሣሪያ በአንገቱ ታሥሮለት ተለቀቀ። ከጊዜ በኋላ እንስት አግኝቶ ቡችሎች አፈራ። ለማሳያነት ታሥሮ ቀርቶ ቢሆን ግን ሕይወቱ ተርፎም ለዘሩ እንደ ሞተ ይቆጠር ነበር።

ይህን የምለው የገበሬውን ችግር ዘንግቼ አይደለም። ግልገሉን አውሬ የበላበት ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ቢሆንም የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ አይጥና ፍልፈል ነው፤ እነዚህም ከገብስ ማሳ ጋር ወዳጅነት የላቸውም። ጭልፊቱም በዚሁ ሥራ ይረዳል።

ክቡራን ሆይ፤ ልጁ በደጃፋችሁ በቆመ ጊዜ የሚደረገው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ እንስሳው በእውነት የተጎዳ መሆኑን ጠይቁ። የሚዳቋ እናት ግልገሏን በሣር ውስጥ ሸሽጋ ለግጦሽ ትሄዳለችና፣ ብቻዋን የተገኘች ግልገል ሁሉ እናት አልባ አይደለችም። ጉዳት ከሌለባት ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ተገኘችበት ቁጥቋጦ ወይም የቤተ ክርስቲያን ደን አስመልሷት። የተጎዳ ከሆነ ግን በባዶ እጅ አትንኩት፤ ነፋስ በሚያስገባ ሣጥን ውስጥ፣ ጨለማና ጸጥታ ባለበት ስፍራ፣ ከውሻና ከሕፃናት አርቃችሁ አኑሩት። ወተት አታጠጡት፤ ምግብም በግድ አታጉርሱት። ከዚያም በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያለውን የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ወደ ዱር ሊመለሱ የማይችሉትን ወይም ከሕገ ወጥ ነጋዴ እጅ የተያዙትን የሚቀበል «እንስሳ ኮቴ» የሚባል ማዕከል በሆለታ አጠገብ አለ፤ ነገር ግን ይህ የመጨረሻው መጠጊያ እንጂ የመጀመሪያው መንገድ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልትጠነቀቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሰውን የማይፈራ፣ ለሀጩ የሚዝረከረክ ወይም እየተንገዳገደ በቀን ወደ መንደር የገባ አውሬ ቢታይ ማንም እንዳይቀርበው አድርጉ። የነከሰው ሰው ቢኖር ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀንም ወደ ሕክምና ይድረስ። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለምና።

ይህ በሽታ ሰውንና አውሬን የሚያገናኝ ክፉ ድልድይ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 በባሌ ተራሮች በወብ ሸለቆ ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተሻግሮ፣ በዚያ ከነበሩት ከአራቱ እጅ ሦስቱን እጅ ያህል ፈጅቷል። ከጉና ግርጌ ከብት የሚጠብቀውን ውሻ በወቅቱ ማስከተብ ለባለቤቱ ልጆችም፣ ለተራራው አራዊትም የሚጠቅም መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው። ክትባት በሚታወጅበት ቀን ጎረቤታችሁን ቀስቅሳችሁ ብትልኩ፣ በእጃችሁ አንድም አውሬ ሳትነኩ ብዙዎችን ታድናላችሁ።

በመጨረሻ ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ የሰማነውን የኖኅን ታሪክ ላስታውሳችሁ። ኖኅ አራዊትን ከጥፋት ውኃ አዳነ፤ በመርከቡም መገባቸው። ውኃው በጎደለ ጊዜ ግን በሩን ከፍቶ እያንዳንዱን ወደ የስፍራው አሰናበተ። ከመከራ አውጥቶ ለራሱ ቢያስቀራቸው ኖሮ ምድር ባዶዋን በቀረች ነበር። እኛም ለቆሰለ አውሬ በራችንን ስንከፍት፣ ድኖ የሚወጣበትን ቀን ከመጀመሪያው አስበን ይሁን።